ከቤት ገማችነት ያሻረኝ የዓሣ ወጥ

በእኛ አገር መገመት የማይችል ሰው ገና አልተወለደም። ካላመናችሁ በገበያ ቀን ወረታ ከብት ተራ ዳር ለአፍታ ቁሙ። በሬው ከሩቅ ብቅ ሲል አንዱ ዋጋውን ይቆርጥለታል፣ ሁለተኛው ዕድሜውን ይናገራል፣ ሦስተኛው ደግሞ ባለቤቱ ለምን ሊሸጠው እንደተነሣ ያስረዳል። ሦስቱም በሬ ገዝተው አያውቁም። ሰርግ ቤት ብትሄዱም ጋብቻው ስንት ክረምት እንደሚዘልቅ ሙሽራው ሳይቀመጥ የሚገምት አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜም ገማቿ የሙሽራዋ አክስት ናት። ታዲያ ይህን ያህል ገማች በሞላበት አገር መንግሥት ቤት የሚገምትለት ሰው ሲፈልግ ምን ሙያ አለህ ብሎ ይጠይቅ? እኔም ይህን ጥያቄ አንሥቼ አላውቅም ነበር። ያነሣሁት ከተሾምኩ በኋላ ነው።

አዎ፣ ተሾሜ ነበር። የማውቀው ሥራ የከብት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በፎገራ ሜዳ ላይ ላም ሳዳቅልና ጥጃ ስከትብ ኖሬያለሁ። የቁሐር ሚካኤል ገበሬዎች "ዶክተር" ይሉኛል፤ ዶክተር አለመሆኔን ብነግራቸው በላማቸው ላይ ያላቸው ተስፋ ስለሚቀንስ ዝም እላለሁ። አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤት ተጠርቼ ብሄድ፣ የከተማው ቤት ሁሉ ለንብረት ግብር ሊገመት ስለሆነ የገማች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነህ ተመድበሃል አሉኝ። ኧረ እኔ የማውቀው ላም ነው አልኩ። የሰው ኃይል ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጠና መመሪያው "በግንባታ ወይም በተዛማጅ ሙያ የተመረቀ" እንደሚል፣ በግንባታ የተመረቁት ሁለት ሰዎች ግን ለሥራ ባሕር ዳር ሄደው እዚያው መቅረታቸውን፣ ስለዚህ በእጁ ያለው ተዛማጅ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። ላምና ቤት በምን ይዛመዳሉ ብዬ ብጠይቀው ቅር አለው። በረትስ ቤት አይደለም ወይ? አለኝ። በዕድሜዬ ብዙ ክርክር ተሸንፌያለሁ፤ እንዲህ ባጭሩ ግን ተሸንፌ አላውቅም።

ሥልጠናም ተሰጠኝ። ላም ለማዳቀል ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፣ ቤት ለመገመት ሦስት ቀን በቃኝ። አሠልጣኛችን የደን ባለሙያ ነበር። ስለ ቤት የሚያውቀው ከእንጨት መሠራቱን ነው፤ እሱም ቢሆን ዛሬ ዛሬ ሁሉ ነገር ብሎኬት ሆነ እያለ ያዝን ነበር። የቀረው ጊዜ በሻይ፣ በብስኩትና በቅጽ አሞላል አለቀ። በሦስተኛው ቀን ሰርተፊኬት ታደለን፤ ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሰርተፊኬቱን አየችና ከላይ እስከ ታች ተመለከተችኝ፤ ከዚያ "የኛን ጣራ መቼ ነው የምታስደፍነው?" አለችኝ።

እስኪ እናንተው ፍረዱ። አንድ ጥጃ በመርፌ ለመውጋት ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥጃው ቢሞት ተጠያቂ አለው። በሰው ጎጆ ላይ "ደረጃ አንድ" ብሎ ለመጻፍ ግን እስክሪብቶ ከበቃ፣ ጥጃ ሆኖ መወለድ ሳይሻል አይቀርም። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የምለው። ያን ጊዜ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ሹመቱ ጣመኝ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኔ ከጅቡ ብሼ በሚያውቁኝ አገር ኮት ገዛሁ።

ኮሚቴው በወረቀት ላይ ሦስት ሰው ነው። ሦስተኛው አባል ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበረ በተግባር እኔ፣ ጸሐፊው ዓለምነውና አንድ ሜትር ነበርን። ዓለምነው ከስፖርት ጽሕፈት ቤት የተዛወረ የቀድሞ የኳስ ዳኛ ነው። ፊሽካውን ቢያስረክብም ፊቱን አላስረከበም። ደንብ ሲጣስ ገና ከመቶ ሜትር ይታየዋል። ከደንቦቹ ሁሉ ደግሞ አንዷን አጥብቆ ይወዳታል፦ የኮሚቴ አባል ከሚገምተው ቤት ውሃ እንኳ እንዳይቀምስ የምትለዋን። ጉቦ የሚጀምረው ከውሃ ነው ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ በእኛ አገር ውሃ ብቻውን ቀርቦ አያውቅም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት በድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ ተነገረ። የመንግሥት ሰዎች ቤታችሁን ሊያዩ ይመጣሉና ቤታችሁ ቆዩ፣ ተባለ። በከተማው ይህን የሰሙ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ዝግጅት አደረጉ።

የመጀመሪያው አቶ ባይለየኝ ናቸው። የሩዝ መፈልፈያ አላቸው፣ የሚያስፈለፍለው ገበሬም ከነጋሪውና ከነአህያው በራቸው ላይ ተሰልፎ ይውላል። ቤታቸው ስንደርስ ግን አዘንኩላቸው። ግድግዳው ከውጭም ከውስጥም ጭቃ ነው። ሳሎኑ እስከ ወገብ በሩዝ ገለባ ተሞልቷል። ወንበር የለ፣ ምንጣፍ የለ። በመሐሉ አንዲት ጥጃ ታስራለች። አቶ ባይለየኝ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ምን ቤት አለ ብላችሁ ነው፣ ከከብት ጋር ነው የምናድረው አሉ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። ጥጃዋን ሳይ ቤቱ ጠፋኝ። ቁመናዋ የሚያምር፣ አጥንቷ የሰፋ፣ ጥርት ያለች የፎገራ ዘር ናት። ዞርኳት። ጥርሷን አየሁ፣ እግሯን ዳሰስኩ፣ ስለ እናቷ ወተት ጠየቅሁ። አቶ ባይለየኝ አንድ በአንድ በደስታ መለሱልኝ፤ ቤታቸውን ሊገምት የመጣ ሰው ጥጃቸውን ሲገምትላቸው ለምን አይደሰቱ? ዓለምነው ሜትሩን እየዘረጋ ግድግዳው ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ቀና ሳልል "ጭቃ ነው፣ አይታይህም?" አልኩት። ደረጃ አራት፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ፣ ብለን ጻፍን። ስንወጣ ጥጃዋን እንድትከተብ አሳስቤ ወጣሁ። ያን ቀን በትክክል የገመትኩት እሷን ብቻ ነው።

ሁለተኛዋ እማማ ጠጅቱ ናቸው። ቤታቸው በከተማው ዝቅተኛ ጫፍ፣ ክረምት ሲገባ የሜዳው ውሃ ከሚደርስበት ሰፈር ነው። ሸክላ ሠሪ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው አንዱ ሸማኔ፣ አንዱ ቀጥቃጭ ነው። የአካባቢያችን ሰው እሳቸው በሠሩት ድስት ወጥ ይሠራል፣ እሳቸው በሠሩት እንስራ ውሃ ይቀዳል። ቤታቸው ገብቶ እህል መቅመስ ላይ ሲደርስ ግን ከአያቶቹ የወረሰው ፍርሃት ይይዘዋል። ሰላምታውን ከደጅ ይሰጣል፣ ድስቱን ከደጅ ይገዛል፣ መልሱን ከደጅ ይቀበላል። አሁን እኮ ቀርቷል ይላሉ ብዙ ሰዎች፤ የሚሉትም ከደጅ ቆመው ነው።

እማማ ጠጅቱ በድምፅ ማጉያው የሰሙት ስለ ግብር አይደለም። ሰው ቤቴ ሊገባ ነው፣ ያውም የመንግሥት ሰው፣ ብለው ነው የተዘጋጁት። ሳምንቱን ሙሉ ከወለል እስከ ጣራ ግድግዳውን በቀይና በነጭ አፈር ለቀለቁት፤ ሐረግ ጣሉበት፣ ወፍ ሣሉበት። ሸማኔው ጎረቤታቸው ከሸማ የተሠራ ነጭ መጋረጃ አዋሳቸው። ቀጥቃጩ የበሩን ማጠፊያ አደሰና እንደ አዲስ ብር አበራው። ገብተን ስንቆም እኔ ኮቴን አስተካከልኩ፤ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ኮት መልበሴ ተገቢ መስሎ የተሰማኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅጹ ላይ "የውስጥ ማጠናቀቂያ" የሚል ቦታ አለ። እጅግ ከፍተኛ አልኩ። "መጋረጃና የበር ሥራ" ይላል። እጅግ ከፍተኛ። ምን ልበል? ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። ዓለምነው ነጥቡን ደመረና ደረጃ አንድ ሆነ። ከከተማው ሀብታም ቤቶች ተርታ ማለት ነው። እሳቸውም ሰምተው ፊታቸው በራ፤ እኔም ደስ አለኝ። የሰውን ሥራ በማድነቄ ምን ያህል ጉድ እንደሠራኋቸው አልገባኝም ነበር።

ከዚያ መሶቡን ከፈቱት። የሩዝ እንጀራ፣ ከላዩ በርበሬ የጠገበ የዓሣ ወጥ፣ ከጎኑ ጠላ በማንቆርቆሪያ። ዓለምነው ወዲያው እጁን አነሣና በደንቡ መሠረት መቅመስ አንችልም አላቸው። እማማ ጠጅቱ ውሃ የያዘ ጣሳ በእጃቸው እንዳለ ቆሙ። ወደኔ አዩና "እናንተም?" አሉ።

እኔ አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እማማ፣ የተጻፈ ደንብ ነው፣ ለሁሉም ሰው ነው፣ ትናንትም የሌላ ሰው ቤት አልቀመስንም፣ እያልኩ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። "ደንብስ ሞልቷል ልጄ" አሉኝ። "በዚች ደጅ ያላለፈ ደንብ የለም። አንዱ ጾም ነኝ ይላል፣ አንዱ ጠግቤ መጣሁ ይላል፣ አንዱ እቸኩላለሁ ይላል። የናንተው የተጻፈ ነው። የተጻፈስ ይሻላል።" ይህን ብለው መሶቡን ሊከድኑ ጎንበስ አሉ።

ኮቴን አወለቅሁና እጄን ዘረጋሁ፤ አስታጠቡኝ። ዓለምነው በሹክሹክታ ሰብሳቢ፣ ኧረ ሰብሳቢ ቢለኝ አልሰማሁትም። ተቀመጥኩና በላሁ። እውነት ለመናገር ለሰው ክብር ብዬ የበላሁት የመጀመሪያውን ጉርሻ ነው፤ የቀረውን የበላሁት ስለጣመኝ ነው። ዓለምነው ግድግዳው ላይ ካለችው ወፍ ሥር ቆሞ ቃለ ጉባኤ ያዘ፦ ሰብሳቢው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በልተዋል፣ ሁለት ጊዜም አስጨምረዋል። ሲጽፍ ምራቁን ሲውጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እሱን ግን አልጻፈውም።

ነገሩ የገባኝ የግምቱ ወረቀት ለየቤቱ ከታደለ በኋላ ነው። እማማ ጠጅቱ የሩዝ መፈልፈያ ካላቸው ሰውዬ ሦስት ደረጃ በልጠዋል። ያንን ግብር ዓመቱን ሙሉ ድስት ቢሸጡ አይሸፍኑትም፤ ቤቱን ጥለው መውጣታቸው ነው። ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ አልላችሁም፣ ተኝቻለሁ፤ ጠዋት ስነቃ ግን ቁርስ አልወርድልህ አለኝ። ከብት ብገምት እኮ እንዲህ አልሳሳትም ነበር። ማንም የከብት ባለሙያ ላሚቱ አንገቷ ላይ ቃጭል ስላሰረች ወተቷ በዛ አይልም።

እየተጣደፍኩ ሄድኩና እማማ፣ ቅሬታ ያቅርቡ፣ ቤቴ ይህን ያህል አያወጣም ይበሉ፣ እኔ አስተካክላለሁ አልኳቸው። ወረቀቱን ግድግዳቸው ላይ፣ ከወፎቹ በላይ፣ ሰቅለውታል። ቀና ብለው አዩትና "አንተ ልጅ ጤናም የለህ?" አሉኝ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ቤቴን ሲንቅ ኖሮ፣ ዛሬ መንግሥት ቤትሽ ከባይለየኝ ቤት ይበልጣል ብሎ በማኅተም ጽፎ ቢሰጠኝ፣ እኔው በገዛ አፌ ኧረ ቤቴስ የማይረባ ነው ልበል? አላደርገውም!" ግብሩንስ በምን ይከፍላሉ ብላቸው እግዚአብሔር ያውቃል አሉ። እግዚአብሔር በእርግጥ ያውቃል፤ ግብር ሰብሳቢው ግን ከእሱ ጋር እንደማይማከር እኔ አውቃለሁ።

ምን ላድርግ? ተቀመጥኩ። ደጃፋቸው ላይ ያልተሸጡ እንስራዎች ተደርድረዋል። ዝም ከማለት ብዬ፣ ስንጥቁ የማይታይ እንስራ እንዴት ነው የሚለዩት አልኳቸው። ሳቁብኝ። አንዱን አንሥተው በጣታቸው አንጓ መቱት፤ ደወል መሰለ። ሌላውን መቱት፤ ድምፁ ሞተ። "ዓይን ይሸነግልሃል፣ ሸክላ ሲመታ ግን አይዋሽም" አሉኝ። ያን ጊዜ የሦስት ቀን ሥልጠናዬን ያጠናቀቅሁ መሰለኝ። ይህን ግድግዳስ ቢመቱት አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

እማማ ጠጅቱ አዩኝ። ወዴት እንደምሄድ ገብቷቸዋል። ቤቴ አይረባም በሉ ቢባሉ እምቢ የሚሉት ሴትዮ፣ ስለ ጭቃ ሲጠየቁ ግን መዋሸት አልቻሉም። ተነሡና ግድግዳውን ከላይ መቱት፤ ጥሩ። መሐሉን መቱት፤ ይሁን። ከወገብ በታች ሲመቱት ግን የተሰነጠቀው እንስራ ያሰማው ያው የሞተ ድምፅ ወጣ። እጃቸውን ግድግዳው ላይ እንዳሳረፉ "ያምናው ውሃ ነው" አሉ። "ከወገብ በታች ጭቃው አልቋል፣ ማገሩም በስብሷል። ሐረጉን የጣልኩበት አውቄ ነው።"

እንግዲህ ቅሬታ አይባልም፣ የባለሙያ አስተያየት ነው የሚባለው አልኳቸው። ቅሬታ አቅራቢ ይለምናል፣ ባለሙያ ግን ይመሰክራል። ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። በማግሥቱ ዓለምነው ቅጹን ይዞ መጣና ባለሙያዋ ከየት እንደተመረቁ ጠየቀ። "ከናቴ" አሉት። ዓለምነው ደንብ አክባሪ ነው፤ "ከእናታቸው" ብሎ ጻፈ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሲያሳርፉበት፣ እጃቸው ላይ የነበረው ሸክላም አብሮ ታተመ። ቤታቸው ደረጃ አራት ሆነ። የቀድሞውን ወረቀት አውርደው በምትኩ የባለሙያ አስተያየታቸውን ቅጂ ሰቀሉት።

ባለሙያ ከተገኘ አይቀር ብለን ወደ አቶ ባይለየኝ ቤትም ወሰድናቸው። ጥጃዋ አሁንም ሳሎን ናት፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። እማማ ጠጅቱ መምታት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ጭቃውን በጥፍራቸው ጫር አድርገው አሸተቱት። "ይኸ ምርጊት ወሩን አልደፈነም" አሉ። "ጭዱ ሳይበሰብስ ነው የተመረገው። ማነው እንዲህ ያለ ጭቃ ያቦካ?" ከዚያ አንድ ጊዜ በመዳፋቸው ጠፍ ሲያደርጉት ጭቃው እንደ ቅርፊት ተገምሶ ወደቀ። ከሥሩ የተለሰነ፣ ቀለም የተቀባ ብሎኬት ብቅ አለ። አቶ ባይለየኝ ሙቀቱ ሲበዛብኝ ነው ያስመረግሁት፣ ጭቃ ቤት ያቀዘቅዛል አሉ። እማማ ጠጅቱም በእርጋታ መለሱላቸው፤ የቤቱን ተንኮል ትተው የጭቃውን አቦካክ ነቀፉ። በሰውዬው ፊት ላይ እንዳየሁት፣ የበለጠ ያስከፋቸው ይኸኛው ነበር።

አቶ ባይለየኝ ግምታቸው ከፍ ሲል ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ሁለት ነጥብ ያለው ክስ ጻፉብኝ። አንደኛ፣ ሰብሳቢው ለቦታው የሚመጥን ሙያ የለውም። ሁለተኛ፣ ከግብር ከፋይ ቤት በልቷል። እኔ በመጀመሪያው ክስ ተስማማሁ፤ እውነት ነውና። አጣሪዎቹ ግን ተቆጡኝ። ሰርተፊኬቴን አውጥተው አሳዩኝ፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ሙያ የለኝም ማለት መሥሪያ ቤቱን መሳደብ ነው አሉኝ። በመጀመሪያው ክስ ነጻ ወጣሁ። በሁለተኛው ቃለ ጉባኤው ተነበበ። ሁለት ጊዜ አስጨምረዋል የሚለው ላይ ሲደርስ አንዱ አጣሪ ወጡ የምን ነበር ብሎ ጠየቀ። የዓሣ አልኩ። ተሻርኩ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ አበው። እኔ በልቼ ተሻርኩ፤ አልቆጨኝም። ወደ ላሞቼ ተመለስኩ፤ የኮቱንም ኪስ ለከብት መድኃኒት መያዣ ጥሩ ሆኖ አገኘሁት። በቦታዬ ዓለምነው ተሾመ። የሰው ኃይል ኃላፊው ኳስ ዳኝነት ተዛማጅ ሙያ መሆኑን አረጋገጠ፤ ሜዳስ መሬት አይደለም ወይ?

ባለፈው ቅዳሜ ላም ልከትብ በዚያ ሰፈር ሳልፍ እማማ ጠጅቱ ከደጃቸው ጠሩኝ። "ዶክተር፣ ለምንድን ነው የሻሩህ?" አሉኝ። እርስዎ ቤት በልቼ ነው አልኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ቅጣቱን ከተቀበልክ ላይቀር ና ግባ፣ ጠግበህ ብላ" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ስገባ፣ ከመሶቡ ፊት፣ ከወፏ ሥር፣ አዲሱ ሰብሳቢ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀምጧል። ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ አየኝ። እንደምንም ዋጠና ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ደንቡ የሚሠራው በሥራ ቀን ነው አለኝ።

እጄን ታጠብኩ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ከመብላቴ በፊት ግን የክትባት መዝገቤን አውጥቼ ሰዓቴን አየሁና ጻፍኩ፦ ሰብሳቢው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በልተዋል፣ ሦስት ጊዜም አስጨምረዋል።